የበረት እርጥበትና የግት በሽታ

የግት ብግነት የሚባለው በሽታ የሚነሳው ረቂቅ ተሕዋስያን በጡት ጫፍ ቀዳዳ ገብተው ወተት የሚያመነጨውን ሥጋ ሲያቆስሉ ሲሆን፣ ከእነዚህ ተሕዋስያን ከፊሎቹ በአላቢ እጅ ከላም ወደ ላም ይዛመታሉ፤ ሌሎቹ፣ እንደ ኢ ኮላይ ያሉት፣ በእበትና በእርጥብ መኝታ ውስጥ ተራብተው ላሚቱ እስክትተኛ ይጠብቃሉ። በሽታው ሲገለጽ ግቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ወተቱም ይጓጉላል ወይም ደም ይቀላቅላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሳይታይ ወተት የሚቀንሰው ድብቅ ዓይነቱ ነው፤ ይህንን ለመለየት ወተትን ከመፈተሻ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ መርጋት አለመርጋቱን የሚያሳየው የካሊፎርኒያ ፍተሻ ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል።

በደቡብ ጎንደር፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እበት ኩበት ሆኖ ስለሚነድ በየማለዳው ከበረት መዛቁ የቆየ ልማድ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። ሆኖም የሚዛቀው ጠጣሩ ብቻ ሆኖ፣ ከሽንትና ከአፈር ጋር ተረግጦ የተለወሰው አዛባ ከታች ስለሚቀር፣ የተጠረገ የሚመስለው በረት በተለይ በክረምት እርጥብ እንደሆነ ያድራል።

መፍትሔው ደረቅ ጉዝጓዝ ማንጠፍ ነው ቢባልም፣ ድርቅ በተደጋጋሚ በጎበኘው በዚህ አገር ጭድ የከብት ቀለብ በመሆኑ፣ ለመኝታ የሚውል ጭድ ከላሚቱ አፍ የተነጠቀ ያህል ይቆጠራል፤ ይህን ሳያገናዝቡ ገበሬውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ከብቶች በልተው የተዉትን ሻካራ ቅሪት ፀሐይ ላይ አድርቆ ማንጠፍ፣ እርጥቡን በየቀኑ እያነሱ መተካትና ወለሉን ሽንት እንዲወርድ ዘንበል አድርጎ በድንጋይ መደልደል ግን ቀለብ አይሻማም። አሸዋ ባለበት ደግሞ ተሕዋስያኑ የሚመገቡት ነገር ስለማይዝ ከጭድም ይሻላል፤ እበት ከተቀላቀለው ግን ይህ ብልጫው ይቀራል።

የጡት ቀዳዳ ከታለበ በኋላ ወዲያው ስለማይዘጋ፣ ላሚቱ ታልባ እንዳበቃች መኖ ቀርቦላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ብትቆይ ቀዳዳው ሳይከደን አዛባ ላይ አትተኛም። የመኝታውን ድርቀት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰው በጉዝጓዙ ላይ ለ25 ሰከንድ ያህል ተንበርክኮ ሲነሳ የሱሪው ጉልበት ከራሰ፣ ያ መኝታ ለግትም እርጥብ ነው።