በዩሪያ ከረጢት ላይ ያለው 46

በቆቦና በዙሪያው ባሉት የራያ ቆላዎች፣ ከጎሊናና ከሆርማት ወንዞች ጎርፍ ተጠልፎ በሚገባባቸው የማሽላና የጤፍ ማሳዎችም ሆነ በከርሰ ምድር ውኃ በሚለሙት የቆቦ ጊራና ሸለቆ የሽንኩርት እርሻዎች፣ ዩሪያ የታወቀ ማዳበሪያ ነው። በከረጢቱ ላይ የሚታተመው 46 የኬሚስትሪ ጀማሪዎች የሚማሩት የክብደት መቶኛ ድርሻ፣ ማለትም አንድ ንጥረ ነገር ከውህዱ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ስንት እጅ እንደሚይዝ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ እዚህ ላይ የናይትሮጅንን ድርሻ ያመለክታል።

በተለምዶ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ብቻ «እውነተኛ ማዳበሪያ»፣ የቀረው 54 ኪሎ ደግሞ ክብደት ማሟያ እንደሆነ ይታሰባል። ዩሪያ ግን ድብልቅ ሳይሆን ውህድ ነው፤ ቀሪው ክብደት በአብዛኛው ከናይትሮጅኑ ጋር በኬሚካዊ ትስስር የተያያዙት የካርቦን፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ድርሻ ስለሆነ በወንፊት ተነፍቶ አይለይም። ናይትሮጅን ብቻውን ቢሆን የምንተነፍሰው አየር ዋና ክፍል የሆነ ጋዝ ነውና በከረጢት ተሞልቶ ለማሳ ሊቀርብ ባልቻለም ነበር።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስተው መቶኛውን ከአቶሞች ቁጥር ማውጣት ነው። አንድ የዩሪያ ሞለኪውል አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን፣ በድምሩ ስምንት አቶሞች ስላሉት፣ የናይትሮጅን ድርሻ ከስምንት ሁለት፣ ማለትም 25 በመቶ ይመስላል። አቶሞች ግን እኩል አይመዝኑም፤ የካርቦን አንጻራዊ ክብደት 12፣ የኦክስጅን 16፣ የናይትሮጅን 14፣ የሃይድሮጅን 1 ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉ 12 ሲደመር 16፣ ሲደመር 28፣ ሲደመር 4፣ በጠቅላላው 60 ይመዝናል፤ 28 ለ60 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 46.7 በመቶ ይገኛል። በቁጥር ከአቶሞቹ ግማሽ የሆነው ሃይድሮጅን በክብደት 6.7 በመቶ ብቻ መሆኑ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከረጢቱ 46 የሚለው በፋብሪካ የተመረተው ዩሪያ ጥቂት እርጥበትና ባዕድ ነገር ስለማያጣው ነው።

መጠኑ ሲበዛ መቶኛውም ይጨምራል የሚለው ግምት መሠረት የለውም፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ፕሩስት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዳስተማረው፣ የአንድ ንጹሕ ውህድ የክብደት ስብጥር በጭብጥም በኩንታልም ያው ነው።

ከሁሉም የከፋው አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል ብሎ ማመን ነው። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ 18 እና 46 የሚሉ ቁጥሮች አሉት፤ የእርሱ 46 ግን ናይትሮጅንን ሳይሆን ፎስፈረስን በፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ፣ ማለትም ሁለት ፎስፈረስና አምስት ኦክስጅን ባሉት ውህድ ስሌት የሚገልጽ ነው። ኤንፒኤስ በተባለው ማዳበሪያ ላይ የሚታዩት 19፣ 38 እና 7 ቁጥሮችም እንዲሁ መነበብ አለባቸው፦ 19ኙ ናይትሮጅን ነው፤ 38ቱ ግን የፔንቶክሳይዱ ድርሻ ሲሆን፣ ከዚህ ውህድ ክብደት ፎስፈረስ 43.7 በመቶ ብቻ ስለሚይዝ፣ በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 16.6 ኪሎ ገደማ ነው። የመጨረሻው 7 የሰልፈር፣ ማለትም የድኝ፣ የራሱ ክብደት ስለሆነ ተጨማሪ ስሌት አይፈልግም።