ጃንቱ ሲተልቅ አየሩ ያንሳል፦ ትልልቅ ጎማ መኪናችንን እንዴት ይለውጠዋል?

ታናሽ ወንድሜ ከሠራዊት እንደተፈታ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ገዛ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ባለ 15 ኢንች ጎማዎቿን አስወልቆ ባለ 18 ኢንች አስገጠመላት። መኪናዋ አማረች፤ ይህን ማንም አይክድም። በዚያው ሰሞን እናታችንን ይዘን ከቂርያት ጋት ወደ ናታንያ ለለቅሶ ሄድን። ክቪሽ ሼሽ ላይ ምንም አልተባለም። ሰፈር ውስጥ ገብተን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹ ሲጀምሩ ግን እናቴ ወገቧን ይዛ፣ «ልጄ፣ አጥንቴን ቆጠረው እኮ! የጎንደር በቅሎ እንኳ እንዲህ አላንገጫገጨችኝም» አለችው። እሱ ደግሞ፣ «እማ፣ መሪው እንዴት እንደሚታዘዝ ብታዪ!» ብሎ መለሰላት።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ የሁለቱም እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። የተማርኩት የሜካኒካል ምህንድስና ነውና ማስረዳት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ደስታውን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምን እንዳስከተለ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እዚህ አገር «ጃንት» የምንለው ጎማው የሚገጠምበት ብረት ኢትዮጵያ ውስጥ ቸርኬ ይባላል። የወንድሜ መኪና የመጀመሪያ ጎማ ላይ 195/65 አር 15 ተብሎ ተጽፏል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎማው የጎን ግድግዳ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ይህም ወደ 127 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አር የጎማውን አሠራር፣ ማለትም ራዲያል መሆኑን ይገልጻል፤ 15 የጃንቱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢንች ነው።

አዲሱ ጎማ 225/40 አር 18 ነው። ስናሰላው የጎን ግድግዳው 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ጎማው በጠቅላላ ምን ያህል ተለቀ? የድሮው ከመሬት እስከ አናቱ 634 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፣ አዲሱ 637 ነው። ማለትም አልተለቀም ማለት ይቻላል! የተለወጠው ውስጡ ነው፤ ብረቱ ጨመረ፣ አየርና ላስቲኩ ቀነሰ። «ጎማ አስተለቅሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያደረገው 37 ሚሊ ሜትር የላስቲክ ግድግዳ በብረት መለወጥ ነው። ቀሪው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እናቴ ለምን ትክክል ነበረች?

መኪና ድንጋጤን የሚውጠው በሞላና በአሞርቲዘር ብቻ ይመስለናል። ጉብታውን በመጀመሪያ የሚያገኘው ግን ጎማው ነው። በውስጡ ያለው አየር ሲጨመቅና ግድግዳው ሲለመጥ እንደ መጀመሪያ ሞላ ይሠራል። ግድግዳው ሲያጥር የሚለመጥበት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ትንንሹን ጉብታ፣ የአስፋልት ስንጥቁን ሁሉ ወደ ላይ ያሳልፈዋል።

ሌላው ክብደት ነው። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ጃንቶች ሲተልቁ ብዙ ጊዜ ይከብዳሉ። ይህ ክብደት ደግሞ ከሞላው በታች ያለ ክብደት ነው። በክረምት ጭቃ ላይ የሄደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ጀርባ ላይ የተሸከሙት ሁለት ኪሎና ጫማ ላይ የተለጠፈ ሁለት ኪሎ ጭቃ አንድ አይደሉም። እግር የከበደው መኪናም እንዲሁ ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲዘል ቶሎ ተመልሶ መሬት ለመያዝ ይቸገራል። ክብደቱ ወደ ጠርዝ ስለሚሸሽም ለማዞርም ሆነ ለማቆም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ሞተሩም ፍሬኑም ይህን ይከፍላሉ።

ወንድሜስ?

እሱም አልዋሸም። መሪ ስናዞር በመጀመሪያ የሚጠመዘዘው የጎማው ግድግዳ ነው፤ መኪናው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳው አጭር ሲሆን ይህ መዘግየት ይቀንሳል፣ መኪናው ቶሎ ይታዘዛል። ጎማው ሰፊ ሲሆንም በደረቅ አስፋልት ላይ ኩርባውን የተሻለ መያዝ ይችላል።

ግን «ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይነካል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። መኪናውን የሚሸከመው በዋናነት የአየሩ ግፊት ስለሆነ፣ ክብደቱና ግፊቱ ካልተለወጡ መሬት የሚነካው ጠቅላላ ስፋት ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ከፊት ወደ ኋላ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ሰፊ ጎማ በቆመ ውኃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ መንገዱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ በሚያንሸራትትበት ጊዜ፣ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

ዝም ያልኩበት ዋጋ

ከናታንያ ስንመለስ መሽቶ ነበር። መንገድ የሚሠራበት ቦታ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና «ጓ!» አለ። ወርደን አየን፣ አየር አልወጣም፤ ቀጠልን። በማግስቱ ወንድሜ ፓንቸርያ ሄዶ ሲያስመረምር ከፊት በቀኝ በኩል፣ እናቴ በተቀመጠችበት ወገን፣ ጎማው ጎኑ ላይ እንደ እባጭ አብጦ ተገኘ። ጃንቱም ተጣሟል።

እባጩ ምንድን ነው? ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በጃንቱ መካከል ሲቆነጠጥ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ አይጠገንም፣ በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ ይችላልና ወዲያው ይቀየራል። እኛ እናታችንን አስቀምጠን እስከ ቂርያት ጋት ድረስ ነድተነዋል። ረጅም ግድግዳ ቢኖረው ጉድጓዱን ሊውጠው ይችል ነበር። ይህን አስቀድሜ አውቃለሁ፤ አልተናገርኩም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

* በሹፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈውን ወረቀትና የመኪናውን ሪሽዮን ተመልከቱ። አምራቹ የፈቀደው የጎማ መጠን እዚያ አለ። ከዚያ የወጣ መጠን በቴስት ጊዜም፣ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋርም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

* ጠቅላላ ቁመቱን አስሉ። ለወንድሜ በመጀመሪያ የቀረበለት 225/45 አር 18 ነበር። ይህ ከድሮው በ25 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ4 በመቶ ይበልጣል። ሰዓቱ 100 ሲል እናንተ ከበፊቱ በ4 በመቶ ፈጥናችሁ ትሄዳላችሁ። መሪ ሲጠመዘዝ ወይም መኪናው ሲጫን ጎማው አካሉን ሊፍቅም ይችላል።

* ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥር አንብቡ። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 88 ግን 560 ኪሎ ብቻ። 225/40 አር 18 በሁለት ዓይነት ይገኛል፣ ተራው 88፣ የተጠናከረው 92። ርካሹን ስትመርጡ የቱን እንደያዛችሁ እወቁ።

* አጭር ግድግዳ ያለው ጎማ አየር ሲጎድለው ቶሎ ይጎዳል፤ ግፊቱን አዘውትራችሁ አስለኩ።

ወንድሜ በመጨረሻ ምን አደረገ? በሩ ላይ ያለው ወረቀት ከ15 ሌላ 205/55 አር 16 ይፈቅዳል። ግድግዳው 113 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከድሮው የሚያንሰው በ14 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን መሪውም ትንሽ ይሻላል። ባለ 18ቱን በኪሳራ ሸጦ እነዚህን ገዛ። እናታችንም በቀጣዩ ጉዞ ጉብታዎቹን ካለፍን በኋላ፣ «እሺ፣ አሁን ሰው ይጫንበታል» አለች። እሱ ስለ መሪው ምንም አላለም፤ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር።