“ከመደበኛ በታች” ሲባል ምን ይዘራ?

በራያ ቆቦና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች የሚያዝያ ዝናብ የዓመቱን እንጀራ ይወስናል። ዝናቡ በጊዜው ከጣለ አርሶ አደሩ ለሰው እህል፣ ለከብት አገዳ የሚሰጠውን ዘግይቶ ደራሽ የአካባቢ ማሽላ ይዘራል። ካልጣለ እስከ ሐምሌ ጠብቆ ፈጥኖ ወደሚደርስ ማሽላ፣ ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ይዞራል። ምርጫው ከተሳሳተ ዘሩም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

ለዚህ ውሳኔ የሚያግዝ መረጃ አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ወቅቶች ትንበያ ያወጣል። ሆኖም ትንበያው የሚናገረውና አርሶ አደሩ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ትንበያው የሰፊ አካባቢን የወቅት ዝናብ መጠን በዕድል ይገልጻል። የአርሶ አደሩ ጥያቄ ግን ዝናቡ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ በመሐል ስንት ቀን ይቋረጣል የሚል ነው።

ለምሳሌ “ከመደበኛ በታች 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ” የሚል ትንበያ ቢመጣ ብዙዎች “ዘንድሮ ድርቅ ነው” ብለው ይረዱታል። ትርጉሙ ግን እንዲህ ዓይነት ትንበያ ከሚሰጥባቸው 20 ዓመታት ውስጥ በ9ኙ ዝናቡ ያንሳል፣ በ11ዱ አያንስም ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ “ፒክሳ” ይባላል። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ይህ አሠራር በአገራችንም ሥራ ላይ ውሏል። መነሻው የአካባቢው የዝናብ ታሪክ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በአቅራቢያው የተመዘገበውን የብዙ ዓመታት ዝናብ በግራፍ ያሳያል። አርሶ አደሮች ተሰብስበው አንድ ሰብል የሚፈልገውን ዝናብ በስንቱ ዓመት እንዳገኘ ይቆጥራሉ፤ የየአማራጩን ወጪና ገቢም ያሰላሉ። የወቅቱ ትንበያ ሲደርስ ዕቅዳቸውን ይከልሱበታል። ስለዚህ “45 በመቶ” የሚለው ቁጥር ራሳቸው ከቆጠሩት ታሪክ ጋር ይገናኛል።

ባለሙያና አርሶ አደር እንዲህ ተቀራርበው መሥራታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ማሊ ከሳህል ድርቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀመረችው ሥራ የሚቲዎሮሎጂ፣ የግብርናና የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰባስባለች። አርሶ አደሮችም በማሳቸው ዝናብ እየለኩ የሚዘሩበትን ጊዜ ይወስኑ ነበር።

ለወረዳ አመራሮች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትንበያውን በሸኚ ደብዳቤ ወደ ቀበሌ መላክ ብቻውን አይበቃም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቁጥሩን በአካባቢው ቋንቋ ማስረዳት፣ የአርሶ አደሩንም ጥያቄ ወደ ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው መመለስ አለበት። ከሁሉም በላይ ፈጥኖ ደራሽ ዘር ሐምሌ ሳይገባ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን መገኘት ይኖርበታል። “ማሾ ዝሩ” ተብሎ የማሾ ዘር ከሌለ፣ ትክክለኛ ትንበያም ቢሆን ማሳውን ጦም ከማደር አያድነውም።