ብርን በምን እንመዝነዋለን?
(ስለ ምት፣ ስለ ወዝና ስለ ዕድሜ ቀለም)

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን አያቴ እኔንና ታናሽ እኅቴን ጠርታ ከሙዳይዋ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት የምኒልክ ብሮች አወጣች። «አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእርሷ ነው፤ ታላቅ ነህና አስቀድመህ ምረጥ» አለችኝ። አንደኛው ብር ያብለጨልጫል፤ ሁለተኛው ግን ጠቆር ብሎ፣ ዳር ዳሩ ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር። እኅቴ ዓይኗን ከሚያብለጨልጨው ላይ አላነሣችም። ምርጫው ግን እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም፤ ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

አስቀድሜ ስለ ብሩ ጥቂት ልናገር። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ጠገራ ብር ማርትሬዛ ነበር። የኦስትሪያዪቱ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ በመልኳ የታተመው ብር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከዚያም በኋላ በቪየናና በሌሎች ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ያሳተሙት ብር ደግሞ በፓሪስ የተመታ ሲሆን፣ ክብደቱ እንደ ማርትሬዛው ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል። በአንድ ፊቱ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው ፊቱ አንበሳ ይታያል። የአያቴ ብሮች ሁለቱም የ1889 ዓ.ም. ናቸው።

እንግዲህ አሮጌ ብርን የሚመረምር ሰው ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት አለበት።

መጀመሪያው ምት ነው። ጥሬው ክብ ብር በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ተደርጎ በብርቱ ኃይል ሲመታ፣ ብሩ ወደ ማኅተሙ ጉድጓዶች ይገባል። ኃይሉ ካነሰ ወይም ማኅተሙ ካረጀ፣ ጥልቅ የሆነው ቦታ ሳይሞላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የአንበሳው ጎፈር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብዘዝ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ወዝ ነው። ብሩ ሲመታ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚፈስ፣ በገጹ ላይ በዓይን የማይለዩ እጅግ ደቃቅ መስመሮች ይቀራሉ። ብሩን በአንድ መብራት ሥር ዘንበል ቀና ስናደርገው፣ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኰራኵር በገጹ ላይ ይዞራል። እውነተኛው ወዝ ይህ ነው። መስመሮቹ በመዳሰስና በመፈተግ ከጠፉ ግን ከቶ አይመለሱም።

ሦስተኛው የዕድሜ ቀለም ነው። በአየር፣ በጨርቅና በወረቀት ውስጥ ያለው የድኝ ዘር ከብሩ ጋር ሲዋሐድ በላዩ ስስ ልባስ ያበጃል። ልባሱ ስስ ሲሆን ወርቅማ፣ እየወፈረ ሲሄድ ቀላ ያለ፣ ከዚያም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። ቀለሙ የሚፈጠረው ከልባሱ ላይና ከሥሩ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ በመጋጨቱ ነው፤ የሳሙና አረፋ ኅብር እንደሚያወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ሦስቱ ባይስማሙ የትኛው ይበልጣል? እንደ እኔ አስተያየት ቀለም ዳኛ ሳይሆን ምስክር ነው። ወዙ በቀለሙ ውስጥ አልፎ የሚታይ ከሆነ ቀለሙ ጌጥ ነው፤ ገጹ እንዳልተፈተገም ያመለክታል። ቀለሙ ወፍሮ ወዙን ከሸፈነ ግን ሸክም ነው። ደግሞም ቀለም በሰው እጅ ሊቀባ ስለሚችል፣ ለውበቱ ብቻ ተብሎ ዋጋ አይጨመርለትም። በምትና በወዝ መካከል ከሆነ ወዙን አስቀድማለሁ፤ ደካማ ምት የማተሚያው ጉድለት ሲሆን፣ የጠፋ ወዝ ግን ብሩ ከተሠራ በኋላ የደረሰበት ጉዳት ነውና። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከ60 በላይ ያለውን ቁጥር የሚሰጡት ለመገበያያነት ላልዋለ ሳንቲም ብቻ ነው።

አሁን ወደ አያቴ ብሮች እንመለስ። በሚያብለጨልጨው ላይ የአንበሳው ጎፈር አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ምቱ ያማረ ነው። በጠቆረው ላይ ግን ጎፈሩ ደብዝዟል። «አልቆ ይሆን?» ብዬ በመብራት ሥር ባዞረው፣ ብርሃኑ በደበዘዘው ጎፈር ላይ ሳይቀር ሳይቋረጥ ዞረ። ቢያልቅ ኖሮ ወዙ አስቀድሞ የሚጠፋው ከዚያ ከፍ ካለው ቦታ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱ የምት እንጂ የማለቅ አይደለም። የሚያብለጨልጨውን ባዞረው ግን ብርሃኑ በአንድ ቦታ ቆሞ ቀረ፤ ገጹም በጭረት ተሞልቷል።

ጭረቱ ከየት እንደ መጣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ለጓደኞቼ ላሳያቸው ብዬ፣ አያቴ ሳታውቅ ብሩን በአመድና በሎሚ የፈተግሁት እኔ ነበርሁ። ዝም ብል እኅቴ በደስታ ትወስደው ነበር፤ እኔም የተሻለው ይደርሰኝ ነበር። ነገር ግን የራሴን ጥፋት ለእርሷ ማውረስ ስለ ከበደኝ ሁሉንም ተናገርሁ። አያቴ ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው አንተ የፈተግኸውን አንተው ያዘው» አለች።

እኅቴ በመጀመሪያ አኮረፈች። ማታ ግን መብራት አብርቼ ብሩን በእጇ ሳስይዛት፣ ከጥቁረቱ ሥር ብርሃኑ ሲዞር አይታ «ወንድም ጋሼ፣ ይኸ እኮ ሕይወት አለው!» አለችኝ።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የጠቆረ ብር ብታገኙ በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ አመድም ሎሚም አታስነኩት። አስቀድማችሁ በመብራት ሥር አዙሩት። ጥቁረቱን ማንም በአንድ ቀን ሊያስለቅቀው ይችላል፤ የጠፋውን ወዝ የሚመልስ አንጥረኛ ግን የለም።