ትዝታ (ዘፈን)

ትዝታ በዝግታ የሚዘፈን የኢትዮጵያ የናፍቆት ዘፈን ሲሆን፣ የሚዘፈንበት ቅኝትም በዚሁ ስም ይጠራል። ቅኝቱ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ዘፈኑን ብዙዎች በየራሳቸው ግጥም ተጫውተውታል፤ ዘመን ተሻጋሪ ያደረገውም በዋናነት ይኸው ነው።

ቅኝቱ

ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት። በሜጀር ትዝታ እነዚህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። በማይነር ትዝታ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ፣ ሚ ወደ ሬ፣ ላ ደግሞ ወደ ሶል ይጠጋሉ። ይህ መቀራረብ ለዜማው የሐዘን ቃና ይሰጠዋል። በሁለቱም ዓይነት ሲ የሚባለው ድምፅ የለም። በምዕራባውያን ሙዚቃ ሲ ጆሮን ወደ ዶ እየሳበ ዜማው መጠናቀቁን ያሳውቃል። ትዝታ ይህ ድምፅ ስለሌለው ዜማው በቀላሉ ወደ መነሻው ይዞራል፤ ዘፋኙም የፈለገውን ያህል ስንኝ መጨመር ይችላል።

ግጥሙ

ዘፈኑ አንድ ወጥ ግጥም የለውም። አዝማሪዎች በማሲንቆ ወይም በክራር እያጀቡ ቤት የሚመቱ ስንኞችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ይደረድራሉ። ስንኞቹ ከሕዝብ ቃል ግጥም የተወሰዱ ወይም እዚያው የተፈጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ ትዝታን እንደ ሰው ያናግራል። የሚናፈቀው ፍቅረኛ፣ የሞተ ዘመድ፣ አገር ወይም ያለፈ የወጣትነት ዘመን ሊሆን ስለሚችል፣ አድማጩ የራሱን ናፍቆት ያስገባበታል። በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘፈኑን ስለ አገራቸው እንደተዘፈነ አድርገው የሚሰሙትም ለዚህ ነው።

የተቀዱ ሥራዎች

አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ፣ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ባንዶች የሚያጅቡት ትዝታ በሸክላ መውጣት ጀመረ። ከታወቁት መካከል የሰይፉ ዮሐንስ፣ የመሐሙድ አሕመድና የጌታቸው ካሳ ይገኛሉ። ጌታቸው ዘፈኑን በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል። በዛወርቅ አስፋው በትዝታ አዘፋፈኗ ትደነቃለች። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ አቅርቦታል። «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ የአልበም ተከታታይ 10ኛ ቅጹን በትዝታ ሰይሞ፣ ዘፈኑን ለውጭ አድማጭ ከብሉዝና ከባላድ ጋር አስተዋውቆታል።

ከባላድ ጋር ያለው ልዩነት

የአሜሪካ ካንትሪ ሮክ ባላድም በዝግታና በናፍቆት ከትዝታ ጋር ይቀራረባል። ለምሳሌ የ«ኢግልስ» ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን «ዴስፐራዶ» በዚያው ዓመት ሊንዳ ሮንስታት ዘፍናዋለች። ድምፁና አጃቢው ቢለወጥም ዜማውና ግጥሙ የደራሲዎቹ ናቸው። በትዝታ ግን ዘፋኙ በከፊል ደራሲም ነው። ስለዚህ ከሸክላ የሰማውን ስንኝ ብቻ የሚደግም ዘፋኝ ቅኝቱን ቢጠብቅም፣ የዘፈኑን ግማሽ ጥበብ ይተዋል።