የአብራሪነት ሕልም በጆሮ እንዳይሰናከል
የበረራ ማዳመጫ ሲገዙ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

አብራሪ ለመሆን የሚመኝ ወጣት ስለ ዓይኑ ጤንነት አብዝቶ ይጨነቃል። «መነጽር ማድረጌ ከሙያው ያስቀረኝ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ጆሮውን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ነገር ግን በአነስተኛ አውሮፕላን በተሳፈረ ቁጥር ጫናው የሚያርፈው በጆሮው ላይ ነው። እርስዎ ሠልጣኝ አብራሪ ከሆኑ፣ ወይም ልጅዎን፣ እህትዎን አልያም ወንድምዎን ለዚህ ሙያ እያዘጋጁ ከሆነ፣ የበረራ ማዳመጫ (ሄድሴት) መግዛት እንደ ቀላል የዕቃ ግዢ የሚታይ አይደለም። ማዳመጫው የሬዲዮ መነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የጆሮ መከላከያም ነውና።

እንደ ሴስና 172 ባሉ ባለ አንድ ሞተር የሥልጠና አውሮፕላኖች ውስጥ በበረራ ወቅት የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ90 ዴሲቤል ይበልጣል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እንደሚመክረው፣ አንድ ሰው ለ8 ሰዓት ያለ መከላከያ ሊቆይበት የሚችለው የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ የሥልጠና በረራ ብቻ እንኳ የቀኑ ገደብ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል እንዲተላለፍ የሚያደርጉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ከፍተኛ ድምፅ ሲደጋገምባቸው ይደክማሉ፤ ዕረፍት ካጡም ይሞታሉ። በሰው ልጅ ጆሮ ውስጥ አንዴ የሞቱት ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ በድምፅ ምክንያት የጠፋን የመስማት ችሎታ በመድኃኒት መመለስ አይቻልም፤ መከላከል ግን ይቻላል።

ችግሩ አያምም፤ በአንድ ቀንም አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በቀጫጭን ድምፆች፣ በ4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው «ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ይምታቱበታል። ለአብራሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ንግግር አምስት እና ዘጠኝ ቁጥሮች እንዳይምታቱ «ፋይፍ» እና «ናይነር» ተብለው የሚጠሩት፣ አንዲት ቁጥር በስሕተት ብትሰማ የምታስከትለው አደጋ ከባድ በመሆኑ ነው።

ጉዳዩ የሙያ ዕጣ ፈንታንም ይነካል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሕክምና መስፈርት መሠረት፣ የንግድ በረራ አብራሪ በየትኛውም ጆሮው በ500፣ በ1 ሺህ እና በ2 ሺህ ኸርዝ ከ35 ዴሲቤል፣ በ3 ሺህ ኸርዝ ደግሞ ከ50 ዴሲቤል ያለፈ የመስማት ጉድለት ሊኖርበት አይገባም። ከዚህ ያለፈ ጉድለት የተገኘበት ሰው በአብራሪ ክፍል ጫጫታ ውስጥ ንግግርን በሚገባ እንደሚሰማ በተጨማሪ ምርመራ ማሳየት ይጠበቅበታል። የጆሮ ምርመራው እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ይደገማል።

ሁለቱ ዓይነት ማዳመጫዎች

የመጀመሪያው ዓይነት ድምፅን በአካሉ ብቻ የሚከለክል ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ክዳን፣ ለስላሳ ትራስ እና ሁለቱን ወደ ጭንቅላት የሚያጣብቅ ዘንግ አለው። ባትሪ አይፈልግም፤ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉም ይጠገናል።

ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ በተጨማሪ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ ይቀንሳል። በክዳኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ማይክሮፎን የሞተሩን ድምፅ ትቀበላለች፤ መሣሪያው የዚያን ተቃራኒ የሆነ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። አሜሪካዊው መሐንዲስ አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚህ ሐሳብ ላይ መሥራት የጀመረ ሲሆን፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆነውን ለገበያ አቅርቧል። ይህ ዓይነቱ በተለይ ወፍራሙን የሞተርና የፕሮፔለር ድምፅ ይቀንሳል። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚከለክለው ግን አሁንም ክዳኑና ትራሱ ነው። ባትሪው ሲያልቅም የሚቀረው መከላከያ ይኸው ነውና፣ መለዋወጫ ባትሪ ከቦርሳዎ አይለይ።

ሲመርጡ ምን ይመልከቱ?

1. ትራሱ ጆሮዎን በደንብ ይክበብ። ማዳመጫው የሚከላከለው ክፍተት እስከሌለው ድረስ ነው። ጠባብ ቀዳዳ እንኳ ብዙ ድምፅ ያስገባል። ወፍራም የመነጽር ዘንግ፣ በጆሮ ዙሪያ የሚያልፍ ወፍራም ሹሩባ፣ ትልቅ ጉትቻ ወይም የሻሽ እጥፋት ትራሱን ከቆዳ ያርቀዋል። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ቀጭን ዘንግ ያለውን ይምረጡ፤ ማዳመጫውንም መነጽርዎን እንዳደረጉ ይሞክሩት።

2. ጫናውን በጊዜ ይፈትኑት። በሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲያደርጉት ሁሉም ይመቻል። ቢቻል የጓደኛዎን ወይም የማሠልጠኛውን ተውሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ያድርጉት። አናትዎ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከወጋዎት፣ መንጋጋዎ ከደከመ ወይም ራስ ምታት ከጀመረዎት ያ ማዳመጫ ለእርስዎ አይሆንም። የማይመች ማዳመጫ ያለው ሰው ደጋግሞ እያነሣ ጆሮውን «ያስተነፍሳል»፤ በዚያች ቅጽበት መከላከያ የለውም።

3. ክብደቱን ይጠይቁ። ከ340 ግራም አካባቢ ጀምሮ እስከ ግማሽ ኪሎ የሚጠጉ አሉ። ልዩነቱ በእጅ ሲይዙት ትንሽ ይመስላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን አንገት ያውቀዋል።

4. በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይረዱት። ድምፅን በ23 ወይም በ24 ዴሲቤል እንደሚቀንሱ የተጻፈባቸው ማዳመጫዎች አሉ። ቁጥሩ የሚገኘው በቤተ ሙከራ ነው፤ በእርስዎ ጆሮ ላይ ከዚያ ያነሰ እንደሚሆን ያስቡ። ሁለት ዕቃዎችን ለማወዳደር ግን ይጠቅማል።

5. መሰኪያውን ያረጋግጡ። አነስተኛ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ሁለት መሰኪያ ያለው ማዳመጫ ይጠቀማሉ፤ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ በአብዛኛው ባለ አንድ መሰኪያ ናቸው። በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ አማካኝነት የሚያስገዙ ከሆነ፣ ከማሠልጠኛው ጠይቀው ትክክለኛውን ዓይነት አስቀድመው ይንገሩ። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ማዳመጫ የበረራ ማዳመጫን አይተካም።

አቅምን ያገናዘበ ምርጫ

አዲስ ተራ ማዳመጫ በውጭ ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ ከሚቀንሱት ውስጥ የታወቁት ምርቶች ግን ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅባቸዋል። ውዱ ምቹና ጸጥተኛ መሆኑ አይካድም፤ ረጅም ሰዓት ለሚበር ሰውም ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን በደንብ የተገጠመ ተራ ማዳመጫ፣ ትራሱ ከተጨማደደ ውድ ማዳመጫ ይሻላል።

ገንዘብ ካጠረዎት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከታወቀ አምራች ተራውን ገዝተው ትራሱን ብቻ በጄል በተሞላ ለስላሳ ትራስ መቀየር ነው። ሁለተኛው ያገለገለ መግዛት ነው። በዚህ ጊዜ ገመዱ እንዳልተላላጠ፣ ማይክሮፎኑ እንደሚሠራ፣ የመለዋወጫ ዕቃውም እንደሚገኝ ያረጋግጡ፤ ትራሱንና የማይክሮፎኑን ስፖንጅ ግን በአዲስ ይተኩ። ሦስተኛው በርካሹ ማዳመጫ ሥር ከስፖንጅ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ነው። ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ በማድረግም ንግግሩን መስማት ይቻላል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ከአሠልጣኝዎ ጋር በመሬት ላይ ይሞክሩት፤ የማስጠንቀቂያ ድምፆች በግልጽ ሊሰሙዎት ይገባል።

ንጽሕናና እንክብካቤ

በማሠልጠኛ ውስጥ አንዱ ያወለቀውን ሌላው የሚያደርገው ከሆነ ላብና ጀርም ይተላለፋል። የራስዎ የጨርቅ ሽፋን ይኑርዎት። ትራሱን በለስላሳ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። በፀሐይ ላይም አይተዉት። ትራሱ ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጠጥር መቀየር አለበት። የጆሮ ኩክን ለማውጣት ክብሪት ወይም እንጨት መጠቀም የጆሮን ቆዳ ስለሚያቆስል ይተዉት።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ከበረራ በኋላ ጆሮዎ ውስጥ ሲጮህ ወይም ሲያፏጭ ከቆየ፣ የታፈነ መስሎ ከተሰማዎት፣ ቤተሰብ «ቴሌቪዥኑን ቀንስ» ማለት ከጀመረ ወይም ሰዎች የሚያጉረመርሙ ከመሰለዎት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ያማክሩ። በአንድ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆሙ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት የጆሮ ምርመራ አድርገው ውጤቱን ማስቀመጥም ይጠቅማል፤ በኋላ የመጣ ለውጥ የሚታወቀው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ይህ ምክር ለአብራሪዎች ብቻ አይደለም። በወፍጮ ቤት፣ በብረታ ብረት ሥራ፣ በእንጨት መሰንጠቂያ ወይም በጄኔሬተር አጠገብ ለሚውልም ሰው ሕጉ አንድ ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገዎት ጆሮዎ መከላከያ ይፈልጋል። ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት መግጠሙንና መመቸቱን ይጠይቁ። ማዳመጫ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።