ደረቅ ድንጋይ፣ እርጥብ ድንጋይ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ሁለት ዓይነት ምድር ያገናኛል። የአሪ ደጋ በብዙ ስፍራ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ ለብሷል። የሐመር ተራሮች ግን ከዚያ ልባስ ሥር የነበረውን የጥንት አለት አውጥተው ያሳያሉ። ነጣ ያለውና ጠቆር ያለው መስመር እየተፈራረቀ የሚሄድበት፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ተጨማደደ ነጠላ ተደራርቦ የታጠፈ አለት ነው። ባለሙያዎች ናይስ ይሉታል፤ ከዚያ በባሰ ግለት ያለፈውን ደግሞ ግራኑላይት። ይህን አካባቢ በስፋት ካጠኑት ቀዳሚዎቹ መካከል አንቶኒ ዴቪድሰን በአዘጋጅነት የተሳተፈበት የኦሞ ወንዝ ፕሮጀክት ይገኛል፤ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ አበባ ታትሟል። አለቶቹ ጎንድዋና የተባለው የጥንት ታላቅ አህጉር ክፍሎች ተጋጭተው ከሠሩት፣ ከዐረቢያ እስከ ሞዛምቢክ ከሚዘልቀው የጥንት የተራራ ሰንሰለት የቀሩ ሥሮች ናቸው። ግጭቱ የበረታው ከዛሬ 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግራኑላይት ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት፣ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰም ግለት ያስፈልጋል። ከላይ የነበረውን ተራራ ዝናብና ወንዝ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት አጥበው ወሰዱት፤ በኋላ የመጣው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጠርዙን አንሥቶ ከፍ አደረገው። ዛሬ በመዶሻ ሲመታ የሚሰነጠቀው ድንጋይ ያን ጊዜ ሳይሰበር ታጥፏል።

የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህ ብዙም አይደንቃቸውም። ጭቃው እርጥብ ሳለ እንደ ፈለጉት ይታዘዛል፤ ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ ግን ቢጥሉት ይሰበራል። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ የተለወጠው ያለበት ሁኔታ ነው። የድንጋይም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከምድር ገጽ አጠገብ ያለ አለት የሚሸነፈው በስንጥቅ ላይ ሲንሸራተት ነው። ጀምስ ባየርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው፣ ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል በአለቱ ዓይነት ብዙም ሳይለያይ ከጫናው ጋር ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር መሰበር እየከበደ ይሄዳል። ግለት በበኩሉ ሌላ በር ይከፍታል። በማዕድኑ ውስጥ በረድፍ የቆሙት አተሞች ሁሉም ባንድ ጊዜ አይነቃነቁም። ከባድ ግንድ አንዴ በዚህ ጫፍ አንዴ በዚያ እየተፈነቀለ እንደሚጓዝ፣ ጉድለት ያለበት መስመር ብቻ እየተንቀሳቀሰ ረድፉን ቀስ በቀስ ያሸጋግረዋል። ኳርትዝ ይህን በ300 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል፤ ፌልድስፓር 450 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው የማንትል ዋና ማዕድን ኦሊቪን ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ድረስ ይጠብቃል። በብዙ አገር ምድር በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚግል፣ ኳርትዝ የበዛበት አለት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ግድም መሰበሩን ትቶ መለጠጥ ይጀምራል።

ከዚህ ስሌት የተወለደው ሥዕል ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ነግሦ ቆይቷል፦ የላይኛው ቅርፊት ጠንካራ፣ የታችኛው ቅርፊት ለስላሳ፣ የማንትሉ አናት ደግሞ እንደገና ጠንካራ። ሥዕሉ ቀላልና የሚያምር ነው፤ ለደቡብ ኦሞ ግን እንዳለ የሚሠራ አይመስለኝም። የታችኛው ቅርፊት ለስላሳ ነው ሲባል እርጥብና ኳርትዝ የበዛበት አለት ታስቦ ነው። ውኃ ሲባል እዚህ ላይ በስንጥቅ ውስጥ የሚፈሰው ብቻ አይደለም፤ በማዕድኑ ክሪስታል ውስጥ የገባ ጥቂት ሃይድሮጂንም የአተሞቹን ትስስር ያላላል። በቤተ ሙከራ ሲፈተን እርጥብ ኳርትዝና እርጥብ ፌልድስፓር ከደረቁት እጅግ ቀድመው ይሸነፋሉ። የሐመር ተራሮች የሚያሳዩን የቅርፊት ሥር ግን ግራኑላይት ያለበት፣ ማለትም ውኃ አዘል ማዕድናቱ በግለት ፈርሰው በብዛት የደረቀ አለት ነው። ከእግራችን ሥር ያለው የታችኛው ቅርፊት የዚሁ ወገን ከሆነ፣ መጻሕፍቱ ከሚሉት በላይ ጠንካራ መሆን አለበት። ጀምስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ያንን የሦስት ንብርብር ሥዕል እንተወው ብሎ ሲከራከር ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ክፍሎች የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ታችኛው ቅርፊት ድረስ መነሣቱ ነበር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ራሱ ከሐመር ተራሮች ይነሣል፦ ያ ሁሉ እጥፋትና ያ ሁሉ ዝርግ መስመር አለቱ እንደ ሊጥ መፍሰሱን እያሳየ እንዴት ጠንካራ ይባላል? መልሱ ቅደም ተከተሉን መለየት ነው። አለቱ የፈሰሰው ከ700 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ ከፊሉም ቀልጦ ሳለ ነው። ቅላጩ ወደ ላይ ሲያመልጥ ውኃውን ይዞ ሄደ፤ የቀረው ደረቀ። ያ ማዕድን ዛሬ በ400 ወይም በ500 ዲግሪ ቢገኝ እንደ ድሮው አይታዘዝም። ጂኦሎጂስት እጥፋት አይቶ «ለስላሳ ነበር» ማለት ይችላል፤ «ለስላሳ ነው» ማለት ግን አይችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ሙከራ በኩል የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ይከብዳል። ሙከራ አንድን ናሙና በ1 በመቶ ለመለጠጥ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ተፈጥሮ ለዚያው ለውጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ትወስዳለች። ከሩብ ሰዓት ተነሥቶ ስለዚያ ሁሉ ዘመን መናገር ድፍረት ነው። የመሬት ላይ አለት የሚጠቅመውም እዚህ ነው፦ በአለቱ ውስጥ የቀሩት የቅንጣቶች መጠንና ቅርጽ ከሙከራው ውጤት ጋር ሲተያዩ፣ ዝርዝር ቁጥሩ ቢያጠራጥር እንኳ የግለትና የውኃ ሚና በሁለቱም ወገን ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከካርታ የሚነበብ ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲወርድ ጠባብነቱን ይተዋል። ከኦሞ እስከ ጨው ባሕርና ከዚያም ወዲያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በተዘረጋ መሬት ላይ ተበትኖ፣ የኦሞን፣ የማጎን፣ የኡስኖንና የጨው ባሕርን ዝቅታዎች ይፈጥራል። ሰፊ ስምጥ በተለምዶ የግለትና የድካም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ ታዲያ ጠንካራ ቅርፊት እንዴት እንዲህ ይበተናል? ሲንቲያ ኤቢንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት ማብራሪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ከሰሜን የሚወርደው የኢትዮጵያ ስምጥና ከደቡብ የሚመጣው የኬንያ ስምጥ ፊት ለፊት አልተገጣጠሙም፤ ጎን ለጎን ተላልፈው በዘመናት እየተሸጋገሩ ነው የተያያዙት። ስለዚህ ዝቅታዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ የተከፈቱ አይደሉም። በተጨማሪም የቱርካና ሐይቅ አካባቢ ቅርፊት ከዛሬው ስምጥ በፊት፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ በሌላ ስምጥ ተለጥጦ ሳስቷል፤ በሐይቁ ሥር ውፍረቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስፋቱ እንግዲህ የልስላሴ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ውጤት ነው። ግለቱን ግን መካድ አይቻልም፤ የኢትዮጵያ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የተጀመረው በዚሁ ደቡብ፣ ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ምድሩ ዛሬም እየተከፈተ ነው። በሳተላይት ልኬት መሠረት በዚህ ኬክሮስ ምሥራቅና ምዕራቡ በዓመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በጨው ባሕር እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍሮ የወጣው 280 ሜትር ገደማ የጭቃ ዓምድ 620 ሺህ ዓመታትን ይሸፍናል። ፍጥነቱ ያው ከነበረ፣ ያ ሁሉ ጭቃ እስኪከማች ድረስ መላው ስፍራ የሰፋው ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ ነው። ከላይ ግን ይህ እርጋታ አይታይም። በኦሞ ወንዝ አጠገብ ያሉት የሹንጉራ የደለልና የአመድ ንብርብሮች በስንጥቅ ተቆራርጠው ወደ ምዕራብ አዘንብለዋል። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው ትልቁ በመጠን ከ6 ያላነሰ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ላእከ ማርያም አስፋው በ4 እና በ6 ዲግሪ ሰሜን መካከል ያለውን የነውጥ ሥርጭት በእ.ኤ.አ. 1990 ጽሑፉ መርምሯል።

ከቅርፊቱ በታች ያለውን ማንትል ለማየት ከደቡብ ኦሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቦረና መሻገር ግድ ነው። በሜጋ አካባቢ በቅርብ ዘመን የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ከጥልቀት ነቅሎ ያመጣቸው አረንጓዴ የፔሪዶታይት፣ ማለትም ኦሊቪን የበዛበት የማንትል አለት፣ ጓሎች በውስጡ ይገኛሉ። እነዚህ ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ተለጥጦ ቅንጣቶቹ የደቀቁበት፣ ሌላው ደግሞ ቅንጣቶቹ እንደገና አድገው የተለጠጠበት ምልክት የጠፋበት። የኋለኛው ወገን ግለትና ሰርጎ የገባ ቅላጭ የቀድሞውን አሻራ መደምሰሳቸውን ይናገራል። ይህ ለሌላ ክርክር ዋጋ አለው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በኢትዮጵያ ስምጥ ሥር ሲያልፍ በስምጡ አቅጣጫ ይፈጥናል፤ አታላይ አየለን ጨምሮ ብዙዎች ይህን ለክተዋል። አንዱ ወገን ምክንያቱን በረድፍ ለቆሙት የኦሊቪን ክሪስታሎች ይሰጣል፤ ሌላው በቅላጭ ለተሞሉ ቀጫጭን ስንጥቆች፤ ሦስተኛው የጥንቱን የተራራ ሰንሰለት አሻራ ያነሣል። የሜጋ ጓሎች እንደሚያሳዩት ቅላጭ በደረሰበት ቦታ የጥንቱ አሻራ ሳይነካ አይቀርም፤ ቅላጭ ባልደረሰበት ግን ጸንቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሦስቱ ምክንያቶች በየቦታው በተለያየ መጠን አብረው መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው፤ አንዱን ብቻ ለመላው ስምጥ መልስ ማድረግ ከሜጋ ድንጋዮች ጋር አይስማማም።